በእንግድነት የተገኘ ታላቅ ወንድም
አባ ጎርጎርዮስና ኢዮብ ሉዶልፍ በሮማና በጎታ

ሰው በተወለደበት ቤት ታላቅ ወንድሙን መርጦ አያገኝም። ከእርሱ ቀድሞ የተወለደ፣ የቤቱን ሥርዓት፣ የአባቱን ጠባይና የእናቱን ቋንቋ አስቀድሞ ያወቀ ሁሉ ታላቁ ነው። ታናሹ ቃል ሲስት ታላቁ ይስቅበታል፤ ነገር ግን ስቆ አይተወውም፤ ያርመዋል። ታናሹም ታላቁን ይፈራዋል፣ ይጠይቀዋል፣ ውሎ አድሮም የሰማውን ለሌሎች ያስተላልፋል። ይህ ሁሉ በዘመድ ቤት የሚፈጸም የተለመደ ነገር ነው።

በባዕድ አገር ግን ታላቅ ወንድም ተወልዶ አይገኝም፤ በመተዋወቅ የሚገኝ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል የእንግዳን ኑሮ በአጭሩ ይገልጸዋል። በሰው አገር በር ከፍቶ የተቀበለ፣ ያበላ፣ ያጠጣና መንገድ ያሳየ ሰው ከደም ዝምድና የማያንስ ዝምድና ይመሠርታል። በኢትዮጵያ የቋንቋና የታሪክ ጥናት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምድና ያፈራው ፍሬ ቀላል አይደለም። ከእነዚህም አንዱና ምናልባትም ዋነኛው በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአማራው ተወላጅ በአባ ጎርጎርዮስና በጀርመናዊው ሊቅ በኢዮብ ሉዶልፍ መካከል የተፈጠረው ወዳጅነት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፩. የእንግዶች ቤት በሮማ

በሮማ ከተማ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ኋላ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሰጠው አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአጠገቡ ካለው ማደሪያ ጋር ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ስለ ተሰጠ፣ «ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ» እየተባለ ይጠራ ጀመር። ከኢየሩሳሌም አልፈው ወደ ምዕራብ የሚጓዙ መነኮሳት የሚያርፉበት፣ በግዕዝ የሚቀድሱበትና ስለ አገራቸው የሚያወሩበት ቤት ሆነ።

ይህ ቤት የጸሎት ቤት ብቻ አልነበረም። አውሮፓ የግዕዝን ፊደል የተማረችው በአብዛኛው በዚህ ደጃፍ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ የግዕዙን መዝሙረ ዳዊት በ1513 ያሳተመው በዚያ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ተምሮ ነው። ከዚህም በኋላ በፈረንጆች ዘንድ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ በመባል የሚታወቁት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ለማተሚያ አብቅተዋል። ማሪያኖ ቪቶሪዮ በ1552 ያወጣው አነስተኛ የግዕዝ ሰዋስውም የእኚሁ መነኩሴ ትምህርት ያለበት ነው። በመሆኑም ከሉዶልፍ በፊት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ኢትዮጵያውያን በሰው አገር እየኖሩ ባለ አገሮቹን የሚያስተምሩ አስተናጋጆች ሆነው ነበር። እንግዳ ሆኖ ማስተናገድ የዚህ ቤት ልዩ ጠባይ ነበር ማለት ይቻላል።

፪. ከሁለት ጦርነቶች የወጡ ሁለት ሰዎች

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ መካነ ሥላሴ በጥንቱ ቤተ አምሐራ ዝነኛ የነበረ ደብር ነው። የኖሩበት ዘመን ኢትዮጵያ በሃይማኖት ምክንያት የተናወጠችበት ዘመን ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ አገሪቱ በዐመፅና በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ፣ የእነርሱን እምነት ተቀብለው የነበሩት አባ ጎርጎርዮስም የስደትን መንገድ ያዙ። በሕንድ በኩል የዞረው ይህ መንገድ በመጨረሻ ሮማ አደረሳቸው።

ኢዮብ ሉዶልፍ ደግሞ በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። በተወለደበት ጊዜ ጀርመንን ያወደመው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ከተጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ እርሱ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ያ ጦርነትም እንደ ኢትዮጵያው ሁሉ የካቶሊክና የሌላው ወገን የእምነት ክርክር የተቀላቀለበት ነበር። እንግዲህ አንደኛው በካቶሊክነታቸው ምክንያት አገራቸውን የለቀቁ መነኩሴ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ከካቶሊኮች ጋር ለረጅም ዘመን ከተዋጋ የሉተራውያን ወገን የተወለደ ነው። በዘመኑ አስተሳሰብ ቢታይ ሁለቱ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ሰዎች አልነበሩም። ወዳጅነታቸው ትልቅ ግምት የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሉዶልፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ለቋንቋ ትምህርት የተለየ ፍቅር ነበረው። በኤርፉርትና በሆላንድ በላይደን በተማረበት ጊዜ ግዕዝን ከታተሙት ጥቂት መጻሕፍት በራሱ ጥረት አጠና። ይሁን እንጂ የታተሙት መማሪያዎች ጉድለት የበዛባቸው ከመሆናቸውም በላይ አንድም ቀን የቋንቋውን ድምፅ ከሰው አፍ አልሰማም ነበር። መጽሐፍ ፊደሉን አሳየው፤ አነባበቡን ሊያሳየው ግን አልቻለም። በግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ በጽሕፈት እንደማይለይ የታወቀ ነው። በአማርኛም ቢሆን «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ ይህን ልዩነት የሚያሳውቀው ጆሮ እንጂ ዓይን አይደለም።

፫. በሳቅ የተጀመረ ትምህርት

በ1649 በፓሪስ የነበረው የስዊድን አምባሳደር ሉዶልፍን ለአንድ ጉዳይ ወደ ሮማ ላከው። ጉዳዩም ከስዊድን ወደ ሮማ ተወስደዋል ይባሉ የነበሩትን የሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ማግኑስን ጽሑፎች መፈለግ ነበር። የተፈለጉት ጽሑፎች አልተገኙም። ወጣቱ ግን ያልተላከበትን፣ ሲመኘው የኖረውን ነገር አገኘ፤ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እንዳሉ ሰምቶ በራቸውን አንኳኳ።

የመጀመሪያውን ግንኙነት ሉዶልፍ ራሱ በኋላ ጽፎት ይገኛል። ቋንቋቸውን ለመማር እንደሚፈልግ ቢነግራቸው፣ ይህ በኢትዮጵያ ካልሆነ በቀር በሌላ አገር ሊሆን የማይችል ነገር ነው አሉት። ከዚያም በመልካም ጽሕፈት የተጻፈ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አምጥተው እንዲያነብ ጠየቁት። ሲያነብ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ከሁሉ ይልቅ አባ ጎርጎርዮስ ሳቁ። ከመጽሐፍ ብቻ የተማረው ግዕዝ ለእነዚያ መነኮሳት ጆሮ እንግዳ የሆነ አስቂኝ ድምፅ ነበር። ነገር ግን የንባቡን ትርጉም ሲጠይቁት አብራርቶ ተናገረ። በዚህ ጊዜ ሳቁ በአድናቆት ተተካ፤ ያለ መምህር ይህን ያህል መረዳት መቻሉን ለማመን ተቸገሩ።

ይህ ትዕይንት ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር ይናገራል። ሳቁ የንቀት ቢሆን ኖሮ በሩ በዚያው ይዘጋ ነበር። ወጣቱም በሳቁ ተቆጥቶ ቢመለስ ኖሮ ለሁለት መቶ ዓመት የአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት የሆኑት መጻሕፍት አይጻፉም ነበር። እርሱ ግን በማግሥቱም ከማግሥቱም በኋላ እየተመላለሰ ተማረ። አባ ጎርጎርዮስ በዕድሜ ከእርሱ ብዙ የሚበልጡ፣ ብዙ አገር ያዩ፣ ስደትን የቀመሱ ሰው ነበሩ። «አባ» የሚለው ማዕርግ አባትነትን ቢያመለክትም፣ ለሉዶልፍ የሆኑለት ግን አስቀድሞ የሳቀበትን መልሶ የሚያርም ታላቅ ወንድም ነው።

የመነጋገሪያ ቋንቋቸውም ሊታሰብ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ላይ በመካከላቸው የሚግባቡበት የጋራ የአውሮፓ ቋንቋ አልነበረም፤ ስለዚህ በአስተርጓሚ ተረዱ። ቀጥሎ ግን በራሱ በግዕዝ ለመነጋገር ሞከሩ። ግዕዝ በዚያ ዘመን ለአንዳቸውም የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ አልነበረም። ለአባ ጎርጎርዮስ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር፤ የአፋቸው ቋንቋ አማርኛ ነበርና። ለሉዶልፍም የጥናት ቋንቋ ነበር። የቅዳሴውና የብራናው ቋንቋ በሮማ ከተማ በሁለት ወዳጆች መካከል ስለ ምግብ፣ ስለ መንገድና ስለ አገር የሚወራበት ቋንቋ ሆነ።

፬. እንግዳውና አስተናጋጁ ቦታ ሲለዋወጡ

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት ባለሟል ሆነ። «መንፈሳዊው» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ይህ መስፍን በጦርነት የፈረሰውን ግዛቱን በትምህርትና በመልካም አስተዳደር ለማቅናት የሚተጋ ገዥ ነበር፤ ፍሪደንሽታይን የተባለውንም ታላቅ ቤተ መንግሥት ከ1643 ጀምሮ ያሠራ ነበር። ትርጉሙም የሰላም ድንጋይ እንደ ማለት ነው። መስፍኑ ባለሟሉ ስለ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ የነገረውን ሲሰማ ሰውየው ራሳቸው እንዲመጡ ፈለገ።

ለዚህ ፍላጎት መነሻ የሚሆን የቆየ ታሪክ ነበር። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ መጥቶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሮ ነበር። ከሮማ የተለየ፣ ከጥንት ጀምሮ የቆየ የክርስቲያን አገር በአፍሪካ መኖሩ ለሉተራውያን ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ነበር።

በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ወደ ጀርመን ተጓዙ። ሉዶልፍም እስከ ኑረምበርግ ሄዶ ተቀበላቸው። እንግዳን መንገድ ወጥቶ መቀበል በኢትዮጵያ የትልቅ ክብር ምልክት ነውና፣ አባ ጎርጎርዮስ የወዳጃቸውን አድራጎት እንዴት እንደሚተረጉሙት ለመገመት አያስቸግርም። ከሦስት ዓመት በፊት በር አንኳኩቶ የገባው ወጣት አሁን በር ከፋች ሆነ፤ በሮማ በር የከፈቱት መነኩሴ ደግሞ በእርሱ አገር እንግዳ ሆኑ። የአስተናጋጅነቱ ቦታ ሲለዋወጥ የትምህርቱ ቦታ ግን አልተለወጠም፤ ታላቁ ታላቅ እንደሆኑ፣ ታናሹም ጠያቂ እንደሆነ ቀረ።

በመስፍኑ ቤት በቆዩባቸው ጥቂት ወራት አባ ጎርጎርዮስ ስለ ኢትዮጵያ እምነት፣ ሥርዓት፣ መንግሥትና ኑሮ ብዙ ጥያቄዎች ቀረቡላቸው፤ መልሶቻቸውም ተጻፉ። ከቤተ መንግሥቱ ጥያቄዎች ይልቅ ዘላቂ ፍሬ የሰጠው ግን ከሉዶልፍ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው የሠሩት ሥራ ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ሉዶልፍ ያደገው በላቲን ሰዋስው ሥርዓት ነው፤ ስለ ግሥ፣ ስለ ስምና ስለ ጊዜያት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ለመነኩሴው ባዕድ ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋውን ያውቁታል እንጂ በፈረንጅ ሥርዓት ከፋፍለው አልተማሩትም። ስለዚህ ደንቡን በደንብ ከመጠየቅ ይልቅ ምሳሌን በምሳሌ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ይህ እንዴት ይባላል፣ ያኛውስ፣ ለሴት ሲሆን፣ ለብዙ ሲሆን እየተባለ ቃል በቃል ተለቀመ። በዚህ ዓይነት ግዕዝ ብቻ ሳይሆን፣ እስከዚያ ድረስ አንድም የታተመ ሰዋስው ያልነበረው አማርኛ ከሰው አፍ ወደ ወረቀት ተሸጋገረ።

በመጨረሻ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ግንኙነታቸው ግን በደብዳቤ ቀጠለ። በግዕዝ የተጻፉት እነዚህ ደብዳቤዎች ከጊዜ ጥፋት ተርፈው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ታትመዋል።

፭. ያልደረሰው መንገደኛ

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ሳይረሱ ኖሩ። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ጉዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን በሜዲትራንያን ባሕር ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በእስክንድሩን አቅራቢያ፣ የተሳፈሩባት መርከብ ተሰበረችና ሰጠሙ። ከመካነ ሥላሴ እስከ ሕንድ፣ ከሕንድ እስከ ሮማ፣ ከሮማ እስከ ጎታ የተጓዙት ሰው ከአገራቸው አፈር ሳይደርሱ ቀሩ።

ያን ጊዜ ሉዶልፍ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። አንድም ዋና መጽሐፉ ገና አልታተመም። የሚጠራጠርበትን ቃል የሚጠይቀው፣ ሲሳሳት የሚስቅበት ሰው አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ከእርሱ ጋር የሚቀበረው ዕውቀት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ሉዶልፍ ከሁሉ ይልቅ ያውቅ ነበር። በእጁ የቀሩት የጻፋቸው ማስታወሻዎች፣ የተቀበላቸው ደብዳቤዎችና ጆሮው የያዘው ድምፅ ብቻ ነበሩ።

፮. የታናሽ ወንድም ዕዳ

ከዚህ በኋላ ያለው የሉዶልፍ ዕድሜ ዕዳ የመክፈል ዕድሜ ነው ሊባል ይቻላል። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን ታተመ። በ1681 «የኢትዮጵያ ታሪክ» የተባለው ታላቅ መጽሐፉ በፍራንክፈርት ወጣ፤ በዓመቱም በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። መጽሐፉ በአራት ክፍል የተደራጀ ሲሆን፣ ስለ አገሪቱ ጠባይና ስለ ነዋሪዎቿ፣ ስለ ነገሥታቷና ስለ አስተዳደሯ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፣ እንዲሁም ስለ ሕዝቡ ኑሮና ሥነ ጽሑፍ ይዘረዝራል። በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ይነዛ የነበረውን ተረት፣ በተለይም ኡሬታ የተባለው ስፔናዊ መነኩሴ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የጻፈውን ፈጠራ፣ በማስረጃ ያፈረሰ ሥራ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጠም። ለፈረሰው ተረት ምትክ ያገኘው የፖርቱጋል ጸሐፊዎች ከተዉት ጽሑፍና አባ ጎርጎርዮስ በቃላቸው ከነገሩት ነው።

በ1691 ለታሪኩ ማብራሪያ የሚሆን ሌላ ሰፊ መጽሐፍ አወጣ። በ1698 ደግሞ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ የአማርኛ ሰዋስውንና የአማርኛ መዝገበ ቃላትን አሳተመ። አማርኛ በሰዋስው መጽሐፍ ተዘጋጅቶ በማተሚያ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። የቃላቱ ዋና ምንጭ የሆኑት ሰው ከሞቱ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር። በ1704 ሉዶልፍ ሲሞት በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ ለመጠራት የሚያበቃውን ሥራ አጠናቆ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መነሣት ይኖርበታል። በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሚነበበው ስም የሉዶልፍ ነው። በዚያ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ከአፍሪካና ከእስያ ሕዝቦች አፍ ዕውቀት እየቀዱ የሰጪውን ስም መሠወር የብዙ ፈረንጅ ጸሐፊዎች ልማድ ነበር። ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ደብተራ፣ ስንት መንገድ መሪ ስሙ ሳይታወቅ ዕውቀቱ በሌላ ሰው ስም እንደታተመ ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ሉዶልፍ ግን የአባ ጎርጎርዮስን ስም፣ የትውልድ ስፍራቸውንና ጠባያቸውን በምስጋና ጽፏል፤ መልካቸውም ተቀርጾ በመጽሐፉ እንዲወጣ አድርጓል። ዛሬ አባ ጎርጎርዮስ ስማቸውና መልካቸው የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ግን ሚዛኑ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። አንደኛው በቤቱ፣ በመጻሕፍቱና በመስፍኑ ደጋፊነት ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ሌላኛው ከስደት ወደ ስደት ተጉዘው በባሕር ቀሩ። ማተሚያውም ገንዘቡም በአንድ ወገን ነበር። በአባ ጎርጎርዮስ እጅ የተጻፈ ስለ አውሮፓ የሚናገር መጽሐፍ ለኢትዮጵያ አንባቢ አልደረሰም። መስፍን ኤርንስት በጠየቃቸው ልክ እርሳቸውም ስለ ጀርመን ሕዝብ ኑሮ ጠይቀውና ጽፈው አገራቸው ቢገቡ ኖሮ ታሪኩ ሙሉ ይሆን ነበር። ወንድማማችነት ባለበት ስፍራ እንኳ የኃይል ልዩነት እንደማይጠፋ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

፯. ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

የአማርኛና የግዕዝ ጥናት ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ዲልማን በግዕዝ፣ ኢዘንበርግና ፕሪቶሪየስ በአማርኛ የሠሩት ሥራ ከሉዶልፍ በኋላ የተገነባ ነው። በኢትዮጵያም በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የአገሩ ሊቃውንት በራሳቸው ዕውቀትና በራሳቸው ስም ያቆሟቸው ሐውልቶች ናቸው። በሮማው የእንግዶች ቤት የተጀመረው ሥራ በባለቤቶቹ እጅ ሲገባ የታየው በእነዚህ ነው።

ቃል ለቃሚ መምህር፣ የገጠር ዜማ የሚያጠና ከያኒ፣ የሽማግሌ ወግ የሚመዘግብ የባህል ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ወገን ሉዶልፍ ነው። በሄደበት መንደር እንግዳ ነው፤ የሚቀበለው ቤት አለ፤ በዚያ ቤትም ከእርሱ በፊት ነገሩን የሚያውቅ ታላቅ አለ። መጀመሪያ የሚገጥመው ሳቅ ሊሆን ይችላል። ሳቁን ታግሦ የሚቀመጥ፣ ያልገባውን ደግሞ የሚጠይቅ፣ የሰማውን ሳያዛባ የሚጽፍ፣ ሲያሳትምም የነገረውን ሰው ስምና አገር የሚጠቅስ ሁሉ የታናሽ ወንድምን ግዴታ ፈጽሟል። ሥራውን ለነገ የሚያሳድር ግን የእስክንድሩንን ባሕር ማስታወስ ይገባዋል። ሉዶልፍ ሊጠይቅ አስቦ ያልጠየቃቸው ቃላት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሰጥመው ቀርተዋል፤ ዛሬ በአማርኛ መዝገብ ውስጥ የሚነበቡት በሮማና በጎታ በጊዜ የተጠየቁት ናቸው።